ከካርቶን የወጣችው እንሽላሊት



ከመካከላችን የአንዱ አጎት ጭድ ተራ ሱቅ አላቸው። ቅዳሜ ትምህርት ሲቀልልን ሦስት አራት ሆነን እንሄድና ዕቃ ስናወርድ እንውላለን፤ እሳቸውም ከዙህር በኋላ ምሳ ሳይጋብዙን አይለቁንም። የሰፈሩ ስም ጭድ ተራ ይሁን እንጂ ያን ዕለት ያወረድነው ጭድ አልነበረም፤ በድሬዳዋ በኩል የመጣ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። አንዱን ካርቶን ስንከፍት ከጣት የማትበልጥ እንሽላሊት ዱብ አለችና ግድግዳውን ይዛ ሽቅብ ፈረጠጠች።

ታናሻችን ጫማውን አውልቆ አነሳና «ወዘግ ናት! መግደሏ አጅር አለው!» አለ።

«ቆይ እስቲ ልጄ» አሉት ሐጂ። «ወዘግ መሆኗን በምን አወቅህ?»

ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። ሐጂ ካርቶኑን ገልበጥ አድርገው ውስጡን ተመለከቱና ሌላ ጥያቄ ጨመሩ። «ይቺ ያን ሁሉ መንገድ በካርቶን ተሳፍራ ከመጣች፣ ሌላ ስንት የማናየው ነገር አብሮ ይመጣል?» እስከዚያ ድረስ እንሽላሊቷ ከመደርደሪያው ጀርባ ገብታ ተሰውራለች።

ሁለቱንም ጥያቄ ይዘን ወደ ግቢ ተመለስን። የመጀመሪያው በአንድ ምሽት ንባብ የሚያልቅ ነበር። ሁለተኛው ግን ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ ወስዶን እንደገና ድሬዳዋ ላይ መለሰን።

ከአጭሩ እንጀምር። በአማርኛ «እንሽላሊት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው እንስሳት በዐረብኛ የተለያየ ስም አላቸው። ወዘግ የሚባለው ማታ ማታ አምፖል ሥር ትንኝ ሲያድን የምናየው፣ በእንግሊዝኛው ጌኮ የሚባለው ነው። ጣቶቹ ጫፋቸው ሰፋ ያለ ነው፤ የብዙዎቹ ዓይን ቆብ ስለሌለው አይጨፈንም፤ መስታወት ላይ ሳይቀር ይወጣል። ስለ ወዘግ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገቡት ሐዲሶች የታወቁ ናቸው፤ ዝርዝሩን ለኡስታዞቻችን እንተዋለን። ዶብ ደግሞ በረሃ የሚኖር፣ ጅራቱ እሾሃማ የሆነ ትልቅ እንስሳ ነው። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባሉበት ማዕድ የበሉት፣ እሳቸው ግን በአገራቸው ያልለመዱት በመሆኑ ያልበሉት እሱን ነው። ሦስተኛው ሲሕሊያ ይባላል። ቀን ፀሐይ የሚሞቅ፣ ሰውነቱ ቀጠን ያለ፣ ጣቶቹ በቀጫጭን ጥፍር የሚያልቁ፣ ዓይኑን እንደኛ የሚጨፍን ነው። ሦስቱ በቅርጽም፣ በአኗኗርም፣ በሥነ ሕይወት ምድብም ይለያያሉ። ስለዚህ አንዱን ዓይቶ የሌላውን ስም መስጠት ቢያንስ መቸኮል ነው።

ከሲሕሊያዎቹ ወገን ሳይንቲስቶች ፖዳርሲስ የሚሏቸው አሉ፤ ቃሉ ግሪክኛ ሲሆን «ፈጣን እግር» ማለት ነው። የአውሮፓ ሰዎች የግድግዳ እንሽላሊት ይሏቸዋል። ከ20 በላይ ዝርያ ሲኖራቸው አብዛኞቹ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ይኖራሉ። አንዳንዶቹ በትናንሽ ደሴቶች ላይ ብቻ እንጂ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። የሐጂን ሁለተኛ ጥያቄ ይዘን ስንፈልግ ያገኘነው ታሪክ ከእነዚህ የአንዷ ነው።

ኢቢዛ ሲባል የብዙዎቻችን አእምሮ ላይ የሚመጣው የጭፈራ ቤት ነው። ደሴቲቱ ግን ሌላ ስምም ነበራት፤ ያቢሳ። እ.ኤ.አ. ከ902 እስከ 1235 በሙስሊሞች አስተዳደር ሥር ነበረች። ከስፔን ዋና ምድር ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባሕር ላይ ተቀምጣለች፤ ስፋቷ 570 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አትበልጥም። አጠገቧ ፎርሜንቴራ የምትባል አነስ ያለች ደሴት አለች፤ በሁለቱ ዙሪያ ደግሞ አንዳንዶቹ ከእግር ኳስ ሜዳ ብዙም የማይሰፉ ዐለታማ ደሴቶች ተበታትነዋል። ፖዳርሲስ ፒቲዩዜንሲስ የምትባለው የግድግዳ እንሽላሊት የተፈጥሮ አገሯ ይኸው ብቻ ነው። ሳይንሳዊ ስሟን ስፔናዊው ቦስካ በ1883 እ.ኤ.አ. ሰጣት።

ጅራቷን ሳይጨምር ርዝመቷ እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚያስገርመው ቀለሟ ነው። አንዱ ደሴት ላይ አረንጓዴ ናት፤ ትንሽ ርቆ ያለው ላይ ደማቅ ሰማያዊ፤ ሌላው ላይ ጥቁር ልትባል የምትችል። ሱብሓነላህ፣ የመርካቶ ጨርቅ ተራ እንኳን በዚህ ቅርበት ይህን ያህል ቀለም አይለዋውጥም! ምክንያቱ መለያየት ነው። ጥንት ባሕሩ ዝቅ ብሎ ሳለ ብዙዎቹ ደሴቶች የተያያዙ ነበሩ። ውሃው ከፍ ሲል ኮረብታዎቹ ተነጣጥለው ቀሩ፣ እንሽላሊቶቹም እዚያው። ከዚያ ወዲህ በየዐለቱ የቀሩት ለብቻቸው ሲዋለዱ ኖሩ።

ደሴት ስንል ግን የግድ በውሃ የተከበበ መሬት ብቻ አይደለም። እኛም አገር አለ። የባሌ ተራሮችን ብንወስድ ዙሪያቸውን ሞቃታማ ቆላ ከቧቸዋል፤ ለደጋ እንስሳ ያ ቆላ እንደ ባሕር ነው። በሐረና ጫካና አካባቢው የሚኖር፣ በጫካው ስም የተጠራ እስስት አለ፤ ለሳይንስ የተዋወቀው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። እሱም የደሴት ነዋሪ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ያቢሳ እንመለስ። በትንሽ ደሴት ላይ ምግብ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ እንሽላሊቷ ያገኘችውን ትበላለች። ጉንዳን፣ ጥንዚዛ፣ ፍራፍሬ፣ የአበባ ማር ሳይቀር። አበባ ውስጥ አፏን ስትከት ብናኙን ይዛ ወደሚቀጥለው አበባ ትሄዳለች፤ ንብ የምትሠራውን ሥራ በከፊል ትሠራለች ማለት ነው። ገበሬዎችም ተባይ ስለምትበላላቸው ይወዷታል። ያለ ጭቃ በተደረደረ የድንጋይ ካብ መካከል ትኖራለች፤ የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ምን ዓይነት ካብ እንደሆነ ይገባዋል። ወደ ካቡ ሸሽታ ከገባች ወፍም ድመትም አያገኛትም።

ሁለተኛው የደሴት ጠባይ አለመፍራት ነው። አዳኝ በሌለበት ቦታ ሲኖር የኖረ እንስሳ መሸሽን ይቀንሳል፤ ቱሪስት ቁጭ ብሎ ዳቦ ሲበላ ጫማው ላይ ወጥታ ፍርፋሪ ትለቅማለች። ያቢሳ ላይ እባብ የሚባል ነገር አልነበረም። ጥንታዊው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ የደሴቲቱ አፈር እባብን ያባርራል ብሎ ጽፏል። አፈሩ የሚያባርር አይመስለንም፤ ባሕሩ ነው የከለከለው። የሰው መርከብ ግን ባሕሩን ድልድይ አደረገው።

ይህ ለአካባቢው ደሴቶች የመጀመሪያው አልነበረም። ከያቢሳ በስተሰሜን ምሥራቅ ያሉት ማዮርካና ሜኖርካ የራሳቸው የግድግዳ እንሽላሊት ነበራቸው፤ በዋናዎቹ ደሴቶች ላይ ዛሬ አንዲትም የለችም። በጥንት ዘመን ሰዎች አውቀውም ሳያውቁም ድመት፣ ሌሎች ትናንሽ አዳኞችና እባብ ይዘው ገቡ፤ እንሽላሊቷ በዙሪያው ባሉ ዐለቶች ላይ ብቻ ተረፈች። ከዚህ ታሪክ ብዙ ያወያየን አንድ ቁጥቋጦ ነው። ዳፍኒ ከሚባለው ወገን የሆነ፣ ሜኖርካ ላይ ብቻ የሚገኝ ተክል ነው። ፍሬውን የምትበላና ዘሩን ወደ ጥላ ቦታ ወስዳ የምትጥል እንሽላሊቷ ነበረች። እሷ ከጠፋች በኋላ ዋናው ደሴት ላይ ያለው ቁጥቋጦ ፍሬ ያፈራል፣ ፍሬው እናቱ ሥር ይወድቃል፣ አዲስ ችግኝ ግን እምብዛም አይወጣም። እንሽላሊቷ በተረፈችበት ኮሎም በሚባለው ትንሽ ደሴት ግን ችግኙ ይታያል። አንድን እንስሳ ያጠፋ ሰው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ሞቷል፤ ሒሳቡን ግን ቁጥቋጦው እስካሁን እየከፈለ ነው።

ያቢሳ ላይ ያው ነገር በእኛው ዕድሜ ደረሰ። ሆቴሎችና ቪላዎች ግቢያቸውን ለማስዋብ በመቶ የሚቆጠር ዓመት ያስቆጠሩ የወይራ ዛፎች ከነሥራቸው ከስፔን ዋና ምድር እየተነቀሉ እንዲመጡላቸው ያዝዙ ጀመር። (የኛ አገር ወይራ፣ ጭሱ ወተት ዕቃ የሚታጠንበት፣ የዚሁ የዘይቱን ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው።) ያረጀ ወይራ ግንዱ ተቦርቡሮ ዋሻ ይሠራል። በዋሻው ውስጥ የተኛ እባብና እንቁላሉ ከዛፉ ጋር መኪና ላይ ተጫነ፣ ከመኪናው መርከብ ላይ፣ ከመርከቡ አትክልት ቦታ። በ2003 እ.ኤ.አ. እባብ ደሴቲቱ ላይ ታየ። ሰው የሚጎዳ መርዝ የለውም፤ ርዝመቱ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል ሊያልፍ ይችላል፣ ቀን ያድናል፣ ግድግዳ ይወጣል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ካብ ውስጥ ይገባል። እንሽላሊቷን ከወፍና ከድመት ያዳናት መሸሸጊያ ለእባብ ማዕድ ሆነ ማለት ነው።

የሆነውን ተመራማሪዎች በካርታ አስፍረውታል። በ2018 እ.ኤ.አ. እባቡ የደሴቲቱን ግማሽ ያህል ይዞ ነበር። ከሚበላው ውስጥ 56 በመቶው ይህቺው እንሽላሊት ናት። እባቡ በደረሰበት ቦታ እንሽላሊቷ ትጠፋለች። እባቡ ዋናም ስለሚችል በዙሪያው ያሉ ትናንሽ ደሴቶች ላይ እየደረሰ ነው፤ አንዷ ትንሽ ደሴት ላይ የነበሩትም ጠፍተዋል። ይህ ነው የሚያስፈራው። ሰማያዊዋ እንሽላሊት ያለችበት ዐለት ላይ አንድ ጥንድ እባብ ከወጣ፣ ያ ቀለም በምድር ላይ ሌላ የሚተካው የለውም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝርዝር፣ ከ2010 ወዲህ ቁጥሯ ቢያንስ በግማሽ መቀነሱን ገልጾ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ አስገብቷታል።

አሁን የሚደረገው ማጥመድ ነው። በእንጨት ሣጥን ውስጥ አይጥ ያስቀምጣሉ፤ እባቡ አይጡን ሽቶ ይገባል፣ መውጫ ያጣል። በሺዎች የሚቆጠሩ ተይዘዋል፤ ማለቂያው ግን አይታይም። የአካባቢው አስተዳደር ያረጁ ወይራና መሰል ዛፎች የሚገቡበትን የሚገድብ ድንጋጌ ያወጣው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያው እባብ ከታየ 20 ዓመት በኋላ። ምህንድስና የምንማረው ይህን ስናነብ ሳቅም ንዴትም ይዞን ነበር። ክፍል ውስጥ ውሃ ሲገባ ማንም ሰው መጀመሪያ ቧንቧውን ይዘጋል፣ ከዚያ ነው ባልዲ የሚያነሳው። እዚያ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ቧንቧው ክፍት ነበር። ፍትሐዊ ለመሆን ግን፣ ወይራ አስመጪው ሊያጠፋ አስቦ አይደለም። የጫነው ዛፍ ነው፤ እባቡን አላየውም።

የሐጂ ጥያቄም ይኸው አልነበር? የማናየው ነገር። ለኛ አገር ሁለት ምሳሌ አገኘን፤ አንዱ በጭድ ይመለከተናል፣ ሌላው በዶርም።

ፓርቲኒየም የሚባለውን ነጭ አበባ ያለው አረም በሐረርጌም በወሎም በኩል ያደጉ ያውቁታል። መነሻው አሜሪካ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ከውጭ በመጣ የእርዳታ ስንዴ ተደባልቆ እንደገባ ይገምታሉ። የተራበ ሰው ሊመገብበት የመጣ እህል ነው፤ ማንስ ያኔ ዘር ይለቅም ነበር? ዛሬ ማሽላውን ያንቃል፣ ግጦሹን ይይዛል፣ ከብት ሲበላው ወተቱ ይመርራል፣ የሰው ቆዳ ያሳክካል። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በእህል፣ በጭቃማ ጎማ፣ በታሰረ ጭድና ድርቆሽ ይጓዛል። ጭድ ተራ በስሙ የሚያስታውሰን ዕቃ፣ ለከብት መኖም ሆነ ለቤት ምርጊት ከገጠር ወደ ከተማ የሚመጣው ጭድ፣ ለአረም ዘር ከሁሉ የተመቸ መጓጓዣ ነው።

ሁለተኛው የወባ ትንኝ ነው። ስሙ አኖፊለስ ስቴፈንሲ። ጥንት የሚኖረው ከሕንድ አካባቢ እስከ ዐረቢያ ልሳነ ምድር ባለው ምድር ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ላይ ተገኘ፤ በ2016 ደግሞ ቀብሪደሃር። በባሕርና በየብስ ንግድ መሥመር እንደመጣ ይገመታል። አገር በቀሎቹ የወባ ትንኞች በአብዛኛው ዝናብ የሚፈጥረውን ኩሬ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ወባ የክረምት ማብቂያና የገጠር በሽታ ነው ብለን አድገናል። ይሄኛው በርሜል ይበቃዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ በየቤቱ የተሞላ ጀሪካን፣ ክዳን የሌለው ታንከር፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ሁሉ ማርቢያው ነው፤ በጋ ከክረምት አይልም። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት ወባ ተነሳ፤ ከተመቱት ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዶርም ነበር። ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በከተማዋ የተመዘገበው ከ2,400 በላይ ሲሆን በ2019 በተመሳሳይ ወራት ግን 205 ብቻ ነበር። ጥናት ያደረጉት ሰዎች ይህን ትንኝ በሽተኞቹ ባሉበት አካባቢ አገኙት።

ዶርም ውስጥ አልጋ ሥር ክፍት ባልዲ ውሃ የማያስቀምጥ ከመካከላችን ማን ነው? ውዱእ ለማድረግ ማታ ሞልተን የምናሳድረውን ጨምሮ ማለታችን ነው። የድሬዳዋ ወንድሞቻችን ባልዲውንና ታንከሩን መክደን ጀምረዋል፤ ቆላ ለተመደባችሁ ሁሉ ይመለከታችኋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጭድ ተራ ተመለስን። ሐጂ ሠራተኞቹን ካርቶን ሁሉ ከሱቅ ውጪ እንዲከፍቱና እንዲያራግፉ አዝዘዋቸዋል፤ ጎረቤቶቹ እየሳቁባቸው ነበር። ስለ ያቢሳ ስንነግራቸው ሻይ አስቀድተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ስለ ጭፈራ ቤቱ አልነገርናቸውም።

መብራት ሲበራ እንሽላሊቷ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ ብላ አምፖሉ አጠገብ ተለጠፈች። በስልክ ፎቶ አነሳናትና አጉልተን አየን። ጣቶቿ ጫፋቸው ሰፊ፣ ዓይኗ ቆብ የለውም። ያለ ጥርጥር ጌኮ ናት።

«ይኸው! ወዘግ ናት ብዬ አልነበር?» አለ ታናሻችን፣ ጫማውን እየፈለገ።

«አሁንማ በማስረጃ ነው፤ ማሻአላህ» አሉ ሐጂ። ቀና ስንል እንሽላሊቷ የለችም። ሐጂ ሻያቸውን ፉት አሉና «ያንን ወይራ ግን፣ ሲያወርዱት ግንዱን አንኳኩቶ የሚያይ አንድ ሰው ጠፋ?» ብለው ጠየቁን።